ወልቂጤ ድረስ ሳልወርድ

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሙባሪክ፣ ኢዝሚር፣ ቱርክ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። የሄድክበት አገር ብርዱም ሰዉም እንዳይከፋብህ፣ ያሰብከው እንዲሞላልህ አላህን እየለመንኩ ይህን ጽፌልሃለሁ። እኔ አክስትህ ከድጄ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። በርበሬዬን እሸጣለሁ፣ ሚዛን ከሚሰርቅ ሰው ጋርም እጣላለሁ።

ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። ኢንተርኔት የሚሉት ነገር ከተዘጋ ሰነበተ። ስልኩም ቢሆን ሰላምታው ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠርኩት ለጌጥ አይደለም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጄ ሽፋ ነፍሰ ጡር ናት። በመጋቢት ትወልዳለች ብለዋታል። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ወልቂጤ ልብስ የሚሰፋው ባለቤቷ ራምዚ ነው ደውሎ ያሰማኝ። እኔም ልጄ ስትወልድ አጠገቧ ልሆን ቆርጫለሁ። እናት ቅቤዋንና ቡላዋን ይዛ አራሷ ዘንድ ቀድማ መገኘት እንዳለባት አንተም ታውቃለህ።

ችግሬንም ታውቃለህ። መኪና አይስማማኝም። ገና ሞተሩ ሲነሳ ሆዴ ይገለበጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ መኪና ላይ አልወጣሁም፤ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ከራቀኝም በጋሪ። ወልቂጤ ግን ተራራውን አቋርጦ ነው፤ በእግር የሚያደርሰኝ ጉልበት የለኝም፣ ጋሪም አይወጣውም። እዚያ አገር መኪና ላይ የማያስመልስ ክኒን አለ ይባላልና ላክልኝ። ጠንካራውን ላክ። የምትሠራውንም ሥራ በደንብ ጻፍልኝ። አባትህ "ኮምፒዩተር" ብሎ ያልፈዋል፣ የገባው ግን አይመስለኝም።

አክስትህ ከድጄ


ኢዝሚር፣ ህዳር 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ከድጄ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎ በሃያ ቀኑ ደርሶኝ ሁለቴ አነበብኩት። እኔ አልሀምዱሊላህ እጅግ ደህና ነኝ፤ ትምህርቱም ሥራውም ተስማምቶኛል።

ስለ ሽፋ በመስማቴ በጣም ደስ ብሎኛል። ክኒኑን ግን ሐኪም ሳያይዎት አልልክም፣ ይቅር ይበሉኝ። የዓይን ግፊት እንዳለብዎ አውቃለሁና መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

ሥራዬን ከጠየቁኝ፣ የሚገርመው እኔም የምውለው እርስዎን በሚያምዎት ነገር ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ቪአር የሚባል መነፅር የሚጠና ቤተ ሙከራ አለ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ እዚያ እሠራለሁ። መነፅሩ ትልቅ ነው፣ ዓይንን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ውስጡ ለእያንዳንዱ ዓይን ትንሽ ቴሌቪዥን አለው። ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ገደል አፋፍ ላይ በሚሮጥ መኪና ውስጥ ያለ ይመስለዋል። አንገቱን ሲያዞር ገደሉም አብሮ ይዞርለታል። ብዙ ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ማዛጋት ይጀምራል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል፣ ከዚያ ያጥወለውለዋል።

ምክንያቱ ይኸውልዎት። ጆሮአችን ውስጥ፣ ጠለቅ ብሎ፣ ውሃ የያዙ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ራሳችን ሲንቀሳቀስ ውሃው ይንቀሳቀሳል፤ አንጎልም መሄድ መቆማችንን ከዚያ ይረዳል። መነፅሩ ሲደረግ ዓይን "እየበረርን ነው" ይላል፣ ጆሮ ደግሞ "ኧረ ተቀምጠናል" ይላል። አንጎል ማንን ይመን? መኪና ውስጥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጆሮ እያንዳንዷን ኩርባ ይሰማል፣ ዓይን የሚያየው ግን የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ብቻ ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ጦሱ ለሆድ ይተርፋል።

ስለዚህ እስቲ ይንገሩኝ። ሲሳፈሩ የት ነው የሚቀመጡት? ምን ይታይዎታል? ምን በልተው ይነሳሉ? ጋሪ ላይስ ለምን አያምዎትም?

የወንድምዎ ልጅ ሙባሪክ


ቡታጅራ፣ ህዳር 24 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ሙባሪክ

ሰላሙ ይብዛልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ነርሷ ክኒኑ ለዓይንሽ አይሆንም ብላኛለች። ክኒኑን ትቼዋለሁ፣ ሐሳቤን ግን አልተውኩም።

ጥያቄህን ልመልስ። የምቀመጠው ከኋላ ነው። ጋቢና ወንዶች ናቸው የሚገቡት፣ አለዚያም ሹፌሩ የሚያውቀው ሰው። የሚታየኝ ነገር የለም፤ የመኪናው ሽታ እንዳይገባብኝ ሻሼን ፊቴ ላይ ጥዬ አቀርቅሬ ነው የምሄደው። መስኮቱ ዝግ ነው። አንድ ጣት ያህል ብትከፍተው መኪና ሙሉ ሰው ብርድ መታን ብሎ ይነሳብሃል። ምግቡን በተመለከተ፣ መንገደኛ በባዶ ሆድ የሚሸኝ የት አገር ነው? ያን ጊዜ የተሳፈርኩት እህቴ ቤት ቅቤ የጠጣ ክትፎ ከነቆጮው ጨርሼ ነው፤ እምቢ ብላት ትቀየመኛለች። ጋሪ ላይ ግን ከባለጋሪው አጠገብ ተቀምጬ የፈረሱን ጆሮና መንገዱን እያየሁ፣ ነፋሱ እየመታኝ ነው የምሄደው። ባትጠይቀኝ ይህን አስቤውም አላውቅ ነበር።

ያን ጊዜ ያልኩህ መቼ እንደሆነ ልንገርህ፤ ለአባትህም በቅጡ ነግሬው አላውቅም። ሽፋ የመጀመሪያዋን ስትወልድ ነው። ምጥ ያዛት ተብሎ ሲደወል ቅቤዬን ይዤ ተሳፈርኩ። ተራራው ላይ ኩርባው ሲበዛ የምሞት መሰለኝ። እጄ ደነዘዘ፣ ላቡ እንደ በረዶ ነው፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው ብዬ "አውርዱኝ" አልኩ። አወረዱኝ። መንገድ ዳር ተጋድሜ ቀና ስል መኪናው ሄዷል። ሌላ መኪና ጠብቄ ወደፊት መሄድ ነበረብኝ። ፈራሁና ቁልቁል ወደ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ።

ሕፃኗ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ልጄን ያጽናኗት የባሏ ዘመዶች ናቸው። እናትሽስ ሲሏት "ታማለች" አለች እንጂ ከመንገድ ተመለሰች አላለችም። እኔንም አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። ከዚያ ወዲህ ስትደውል "ደህና ነሽ ወይ?" ትለኛለች፣ "ደህና ነኝ" እላታለሁ፣ ትዘጋዋለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ወሬያችን ይኸው ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን እንግዲህ ለምን እንደምሄድ ገባህ። መኪናዋ ብታስመልሰኝም ብታንከባልለኝም እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። ማዛጋት ይጀምራል ብለህ ጽፈሃል። እኔ መጀመሪያ እንደሚያዛጋኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያን የሚያውቅ የደረሰበት ሰው ብቻ ነው። "እጅግ ደህና ነኝ" ያልከውንም ደግሜ አነበብኩት፤ "እጅግ" ለምን አስፈለገ? እውነቱን ጻፍልኝ።

አክስትህ ከድጄ


ኢዝሚር፣ ታህሳስ 18 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምታዬ ከልቤ ነው። መልሱ የዘገየው በፖስታ ቤት ሳይሆን በእኔ ነው፤ ሦስቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

እጅግ ደህና ነኝ ያልኩት ውሸት ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ የማጠና ሰው አይደለሁም፣ የምጠና ነኝ። መነፅሩን የሚያደርጉት እኔ ላይ ነው። በየአምስት ደቂቃው አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ "ከዜሮ እስከ ሃያ፣ ሕመምህ ስንት ነው?" ትለኛለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ዜሮ" እላታለሁ። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ አፌ ከደህና ሌላ አልተማረም። የማያውቁኝ ሰዎች ፊት አመመኝ ብሎ መነጫነጭ ነውር መሰለኝ። እነሱ ደግሞ የማያዞረው ሰው አገኘን ብለው በየሳምንቱ የባሰውን ይሰጡኛል። ትናንት ስወጣ ደረጃው ከእግሬ የሸሸ መሰለኝና ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ብርጭቆ ላነሳ ስል እጄ ከአጠገቡ ያልፋል። መኝታ ክፍሌ ገብቼ አስመልሳለሁ። አሁን ብናገር የሁለት ወር ሥራቸው ገደል ሊገባ ነው፣ እኔም እባረራለሁ ብዬ ፈርቻለሁ።

እርስዎ ግን ስለነገሩኝ ነገር ሌሊቱን ሳስብ አላደርኩም ብል እዋሻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልስጥዎት።

እውነቱን ለሚናገሩት ሰዎች የሚያደርጉት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀን መነፅሩን ሁለት ደቂቃ ብቻ ያደርጉላቸዋል። ማዛጋቱ ሲጀምር ወዲያው ያወልቁላቸዋል፤ እስኪያጥወለውላቸው አይጠብቁም። በማግስቱ ትንሽ ይጨምራሉ። ሦስት አራት ሳምንት ሲሆን አንጎል ሁለቱን ወሬ ማስታረቅ ይለምዳል፣ ብዙዎቹም ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ። በግድ ልቻለው ብሎ የቀጠለ ሰው ግን ይብስበታል፤ አንጎል ከመኪናው ጋር ሕመሙን አብሮ ይማረዋል። እርስዎም በመኪና እንዲህ ያድርጉ። ጋቢና ይግቡ፣ ሻሹን ከፊትዎ ያንሱ፣ ራቅ ያለውን መንገድ ይዩ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ሆድዎን በቅቤ አይሙሉት። ሦስት ደቂቃ ሄደው ይውረዱ። መውረዱ ሽንፈት አይደለም፣ ትምህርቱ ነው።

ሙባሪክ


ቡታጅራ፣ ጥር 30 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ሙባሪክ

አላህ ዕውቀትህን ይባርክልህ፣ ድፍረትም ይጨምርልህ። ደብዳቤህን ያመጣልኝ የአባትህ ጎረቤት ነው፤ እሱ ሳይወጣ አንብቤ በማግስቱ ጀመርኩ።

በባጃጅ ተነሳሁ። ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ በር ሦስት ደቂቃ ነው። ወረድኩ፣ በእግሬ ተመለስኩ። በየቀኑ እንዲሁ። ባለባጃጁ "እማማ፣ ማንን ነው የምትጠይቂው?" ሲለኝ "ራሴን" አልኩት። በሳምንቱ ከተማውን ዞርኩ። ከዚያ የጎረቤቴ ልጅ ጀማሉ በሚኒባሱ ጋቢና አስገባኝና እስከ ከተማው መጨረሻ ወሰደኝ። መንገዱ ፊቴ ላይ ሲዘረጋ ጋሪ ላይ ያለሁ ነው የመሰለኝ። ቡኢ ድረስ ለመሄድ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ደርሼ ስወርድ እዚያ የማውቀው ሰው ስለሌለ ለአንዲት ድንች ሻጭ "ቡኢ ደረስኩ" አልኳት። "እንኳን ደህና መጣሽ" አለችኝ፣ ግራ ገብቷት።

ከዚያ ጠገብኩ። ቡኢ ላይ ማዛጋት ጀምሮኝ ሳለ "ጥያ እኮ ቅርብ ነው" ብዬ ቀጠልኩ። ጥያ ስደርስ ሁለት ሰው ደግፎ አወረደኝ። ሁለት ቀን ተኛሁ። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ "ከድጄ፣ ይቅርብሽ፣ ሸክሙን በሰው ላኪ" አለኝ። ቅቤው በሰው ይላካል፣ እናት ግን በሰው አትላክም። በሦስተኛው ቀን እንደገና ከባጃጁ ጀመርኩ። ትናንት ጥያ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ ማዛጋቱም የመጣው ስመለስ ነው።

አሁን የቀረኝ ጠላት መስኮቱ ነው። አንዱ ሰውዬ "ሳል አለብኝ" ይላል፣ አንዷ "ልጅ ይዣለሁ" ትላለች። የዓለምን ብርድ ሁሉ እኔ የምከፍትባቸው ይመስላቸዋል። ብነግራቸው አይሰሙኝም። አገሩ የሚሰማው ማኅተም ነው። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲህ፣ ለዚህች ሴት መስኮት ይከፈትላት የሚል ወረቀት፣ ክብ ማኅተም ያለበት፣ ላክልኝ።

ስለ አንተ ደግሞ ልናገር። አልቆጣም ብዬ ነበር፣ ግን ተቆጥቻለሁ። ሰዎቹ የጠየቁህ ሰላምታ አይደለም፤ ሊጽፉት ነው የጠየቁህ። አንተ ዜሮ ስትል እነሱ ዜሮ ብለው ይጽፋሉ፣ ያን መነፅር ነገ የሚያደርግ የሌላ ሰው ልጅ ይታመማል። እኔና ሽፋ ደህና ነኝ እየተባባልን ስምንት ዓመት አልፎናል። አንተ ሁለት ወር ነው ያለፈህ። ሄደህ ንገራቸው።

አክስትህ ከድጄ


ኢዝሚር፣ የካቲት 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምና ምስጋናዬ ይድረስዎ። ነገርኳቸው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሴት ናት። የእኔን ወረቀቶች በሙሉ አውጥታ ሰረዘቻቸው። ተቆጥታለች፣ መቆጣትም ይገባታል። አላባረረችኝም ግን። "የምንፈልገው እኮ የሚያመውን ሰው ነበር" አለችኝ። አሁን ከሁለት ደቂቃ እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ቀን "አሥራ ሦስት" ስል ሰው የሰደብኩ ያህል አፈርኩ። ልጅቷ ግን ቁጥሩን ጽፋ መነፅሩን አወለቀችልኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም። ደረጃውንም ግድግዳ ሳልይዝ ወረድኩ።

ወረቀቱን አብሬ ልኬያለሁ። ኃላፊዋ የእርስዎን ነገር ስነግራት ሳቀች፣ ቀጥላ ግን በቁም ነገር ጻፈችው። ላይ ላዩ በቱርክኛ ነው፣ ከሥሩ በአማርኛ ተርጉሜዋለሁ። ማኅተሙ ክብ ነው።

አሁን የማልወደውን ልናገር። የጥያ መንገድ ደልዳላ ነው። ተራራው ሌላ ነው፣ እዚያ ሊያምዎት ይችላል። ፌስታል ይያዙ። አንዳንድ ሐኪሞች እንደሚሉት ዓይንና ጆሮ ሲጣሉ አንጎል መርዝ የበላን ይመስለዋል፤ መርዝ ነው ራስን የሚያዞረውና። ስለዚህ ሆድ ያለውን ያስወጣል፣ ሊያድነን ብሎ። ያን ቀን እጅዎ ሲደነዝዝ ነፍስዎ ልትወጣ አልነበረም። አንጎልዎ ተሳስቶ ነው። ይህን እዚያው ኩርባው ላይ ያስታውሱት። በልምምዱ ጊዜ ይውረዱ ብዬ ነበር፤ የተራራው ቀን ግን አይውረዱ።

ሙባሪክ


ወልቂጤ፣ መጋቢት 24 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ሙባሪክ

የላዩን አይተህ ከየት እንደጻፍኩልህ አውቀሃል። አላህ የልብህን ያድርስልህ፣ እኔን እንዳደረስከኝ።

መጋቢት አሥራ አራት በጠዋት ተነሳሁ። እህቴ ክትፎ አቅርባ ጠበቀችኝ። አንድ ጉርሻ ጎርሼ "የቀረውን ስመለስ" አልኳት። ተቀየመች፣ ትቀየም። ጀማሉ ወደ ወልቂጤ ለሚሄደው ሹፌር አደራ ብሎልኝ ጋቢና ገባሁ። ቅቤና ቡላው ከላይ ተጫነ።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ከኋላ "መስኮት ዝጉ" ተባለ። ወረቀቱን ለረዳቱ ሰጠሁት። ከላይ ያለውን ቱርክኛ አይቶ፣ ማኅተሙን አይቶ፣ "ከውጭ አገር የመጣ ትእዛዝ ነው" ብሎ አወጀ። አንድ ሽማግሌ ተቀብለው አማርኛውን ጮክ ብለው አነበቡት። ዓይንና ጆሮ ይጣላሉ የሚለው ላይ ሲደርሱ "ልጄም እንዲህ ነው የሚያደርጋት፤ ቡዳ ነው ብለን ነበር" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ መስኮት ያነሳ የለም።

ተራራው እንዳልከው ነው። ማዛጋቱ መጣ፣ ላቡ መጣ። ሁለቴ በፌስታሉ አስመለስኩ። እጄ ሲደነዝዝ ያ ፍርሃት በሙሉ ተመልሶ መጣብኝ፤ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ። ሹፌሩ አየኝና ፍጥነቱን ቀንሶ "እማማ፣ ላውርድሽ?" አለኝ። አፌ ሊል የፈለገውን አውቀዋለሁ። መርዝ አልበላሁም፣ አንድ ጉርሻ ነው የበላሁት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለእሱ "ንዳ" አልኩት። ዓይኔን ከሩቁ መንገድ ላይ አላነሳሁም። ከተራራው ወርደን ጉብሬ ስንደርስ ራሴ ቀጥ አለ።

ራምዚ መናኸሪያ ጠበቀኝ። ቤት ስንደርስ ሽፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ሆዷ ገፍቶ። ቀሚሴ ቆሽሿል፣ እሸታለሁ። ልጄ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "አስመለሰሽ?" አለችኝ። ደህና ነኝ ልላት ነበር። "አዎ፣ ሁለቴ። ያን ጊዜ ግን ወርጄ ተመልሻለሁ፣ ፈርቼ ነው" አልኳት። "አውቃለሁ" አለች። ውሃ አሞቀችልኝ። እግሬን ሳጥብ አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ስለ ሞተችው ሕፃን ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራነው፤ መልኳን ነገረችኝ።

በስድስተኛው ቀን ወንድ ልጅ ወለደች። ጤነኛ ነው፣ ጩኸቱ ገበያ ይበትናል። እሷ ግን ከወለደች ጀምሮ ዓይኗን አልከደነችም። ሌላው ሰው ልጁን ልያዝልሽ ሲላት አትሰጥም፤ ትንፋሹን እያዳመጠች ቁጭ ብላ ታድራለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አደርኩ እንጂ ስጪኝ አላልኳትም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጁን ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና "እማ፣ አንቺ አለሽ አይደል፣ እኔ ልተኛ" አለች። ይኸው ሦስተኛ ሰዓቷ ነው፣ ተኝታለች።

አክስትህ ከድጄ